ነጠላዋን የዘቀዘቀችው አሻንጉሊት

ሙዚየም ውስጥ ሥራ የሚገባበት በር ሁለት ነው። አንደኛው ፊት ለፊት ያለው ነው፤ በእሱ የሚገቡት ዩኒቨርሲቲ ሦስት አራት ዓመት ተቀምጠው፣ ስለ ሸክላ ስብርባሪ ወፍራም ወረቀት ጽፈው፣ መነጽር ለውጠው የሚመጡት ናቸው። ሁለተኛው የቆሻሻ ገንዳው የቆመበት የጓሮ በር ነው። በእሱ የገባሁት እኔ ነኝ። ልዩነቱ ያን ያህል እንዳይመስላችሁ፤ ከገባን በኋላ ሁላችንም የምንቆመው እዚያው ዕቃ ፊት ነው። እነሱ አይተውት ይሄዳሉ፣ እኔ ስምንት ሰዓት ሙሉ አየዋለሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ያዩት ዕቃ ደግሞ፣ ልንገራችሁ፣ መልሶ ማየት ይጀምራል።

ማክሰኞ ማክሰኞ ተማሪዎች ይመጣሉ። ከከተማው ሰፈሮች፣ ከኔቬ ዮሴፍ፣ ከሃዳር፣ አንዳንዴም ከላይ ከካርሜል፤ ሙዚየም ውስጥ ምን ምን ሥራ እንዳለ እንዲሰሙ፣ ልባቸው ከፈቀደም ነገ እንዲማሩት። የምትነግራቸው ዳፍና ናት። ዳፍና በዕብራይስጡ ኦጼረት ነው የምትባለው፤ የትኛው ዕቃ ይታይ፣ የትኛው መጋዘን ይቀመጥ የምትለው እሷ ናት። ፀጉሯ ባጭሩ የተቆረጠ፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ሰው ስታናግር ዓይን ዓይኑን የምታይ ሴት። «እዚህ ቤት የተሰበረ የሚጠግን አለ» ትላቸዋለች፤ «ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ሰጥቶ ታሪኩን በካርድ የሚጽፍ አለ፤ መብራቱን የሚያስተካክል፣ ዕቃውን በሣጥን አሽጎ ባሕር የሚያሻግር፣ ሕፃናትን የሚያስጎበኝ አለ።» ከጀርባዋ ቆሜ ሁሉንም በቃሌ ይዤዋለሁ። አንድ ሥራ ብቻ ትዘላለች፤ ከጀርባዋ የቆመውን። ክፋት የላትም። እናንተስ እንግዳ ቤታችሁን ስታስጎበኙ የበሩን እጀታ ታስተዋውቃላችሁ?

ስሜ ይርጋ ነው። ያወጣልኝ አያቴ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ ረግቼ አላውቅም። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ትምህርት ቤቱን ተውኩት፤ ባግሩት የሚሉትን የማጠናቀቂያ ወረቀት የማውቀው የጎረቤት ልጅ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው። ወደቡ ላይ ኮንቴይነር አራግፌያለሁ፣ የባሕር ወሽመጡ ፋብሪካዎች ውስጥ ወለል ጠርጌያለሁ፤ ከአንዱም አራት ወር አልዘለልኩም። ሙዚየሙ ግን ያዘኝ። ከወደቡ ከፍ ብሎ የቆመ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። መርከብ ሲጮኽ መስታወቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ውስጥ ያለው ዕቃም አብሮ። ጥበቃ ሆኜ ዓመት ሞላኝ። እናቴ ሰፈራችን ሃሊሳ ላለ ሰው ሁሉ «ልጄ ረጋ» እያለች አወራች።

በዚያ ክረምት ዳፍና ወደ ዳር ጠራችኝ። ለመጋዘኑ አንድ ሠልጣኝ ሊወስዱ ነው፤ ዓመት ሙሉ ዕቃ መመዝገብ፣ ማሸግ፣ መጠገን ያስተምሩታል፣ ባግሩትም አይጠይቁትም። «አንተ ዓይን አለህ» አለችኝ። «ሐሙስ ረፋድ ላይ ኮሚቴው ይጠይቅሃል። ንጹሕ ሸሚዝ ልበስ።» በሕይወቴ «እጅ አለህ» ያሉኝ አሉ፣ በተለይ ወደቡ ላይ። «ዓይን አለህ» ያለኝ ግን ማንም አልነበረም። ሸሚዙን በዚያው ቀን ገዛሁ። አደራዋ አንድ ብቻ ነበር፣ የቤቱ ሕግ ነው። ያለ ጓንትና ያለ ፈቃድ ዕቃ ላይ ጣቱን ያሳረፈ ሠራተኛ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይሰናበታል።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ እንምጣ። ቃለ መጠይቁ ሐሙስ፣ ነገሩ የጀመረው እሑድ።

እሑድ ማለዳ ጫማዬን ሳስር እናቴ የማእድ ቤቱን በር ዘጋችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የፈንታነሽ ወንድም ጎንደር ላይ ዐርፏል። አፍህን ያዝ» አለችኝ።

እትዬ ፈንታነሽ የሙዚየሙ ጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ሃሊሳ ውስጥ ከእኛ ቤት ደረጃውን ትንሽ ወረድ ብለው ይኖራሉ። በጓሮ በር ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው፤ ለጥበቃው ኃላፊ «ጨዋ ልጅ ነው» ብለው፣ ግማሹን ዋሽተው። አሁን ወንድማቸው መቀበሩን ጎንደር ያለ ዘመድ ሁሉ ያውቃል፣ ቤርሼባ ያለው ያውቃል፣ ሃሊሳና ኔቬ ዮሴፍ ያለው ያውቃል። የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። በዋትሳፕማ ጭራሽ። ታላቅ እኅታቸው ከቤርሼባ መምጣት አለባት፣ ወታደሩ ልጃቸው ፈቃድ ማግኘት አለበት፣ ደም ግፊት ስላለባቸው ነርስ የሆነች ዘመድ አጠገባቸው መቆም አለባት፤ ከዚያ ጎሕ ሲቀድ ሁሉም በአንድነት በራቸውን ያንኳኳል። ሽማግሌዎቹ ሐሙስን ቆረጡ። እስከዚያ አራት ቀን መሣቅ ነው። መርዶ የተደበቀበት ሰው ፊት ተሥቆ አይታችሁ እንደሆነ፣ ከሌላው ሣቅ ይለያል። ጥርስ ይበዛበታል።

እኔም ጥርሴን አዘጋጅቼ ሥራ ገባሁ። ስገባ ዳፍና ትንሿ አዳራሽ ውስጥ አሻንጉሊት እያለበሰች ነበር። አዲሱ ዐውደ ርእይ መጤዎች ከየአገራቸው ይዘውት ስለመጡት ልብስ ነው። አሻንጉሊቷ በሰው ቁመት ልክ ናት፤ ፊት የላትም፣ ራሷ ልሙጥ ነጭ እንቁላል ነው። ዳፍና በነጭ ጓንት፣ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ እያየች፣ የጎንደር ቀሚስ አለበሰቻት፤ ከላይም ነጠላ ደረበችላት፣ በመርፌ ቁልፍ አስያዘች፣ ራቅ ብላ አየች፣ ቀረብ ብላ አንድ እጥፋት ሳበች። ካርዱን አቆመች፦ «የበዓል ልብስ»። ከዚያ ሻንጣዋን እየጎተተች ለስብሰባ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደች። ረቡዕ ቀትር ላይ ነው የምትመለሰው።

አሻንጉሊቷን ቀና ብዬ አየኋትና ክው አልኩ።

ጥለቱ ወደ ላይ ነው። ከታች ቀሚሷ ጫፍ ላይ መውረድ የነበረበት ቀለም ወጥቶ አንገቷን ከቧል። ለማያውቅ ጌጥ ነው። ለሚያውቅ ግን፣ ይህች ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃለች፣ ቤቷ ሰው ሞቷል። በዚያ ላይ ፊት የላትም። ፊት ቢኖራት ቢያንስ አለማልቀሷን አይቼ እጽናና ነበር።

እትዬ ፈንታነሽ ባልዲያቸውን እየገፉ ገቡ። ግማሹን ወለል ወልውለው ቀና አሉና መወልወያው እጃቸው ላይ ቆመ።

«ይቺ ሴት ማን ሞቶባት ነው?»

«እትዬ፣ ፕላስቲክ ናት እኮ» አልኩ፣ በጥርሴ።

«ፕላስቲክ መሆኗን አጣሁት? ማን ሞቶባት ነው የምልህ።»

«ፈረንጆቹ ሳያውቁ ያለበሷት ነው።»

«ሳያውቁም ይሁን» አሉ። «ሙት የሌለው ሰው እንዲህ አይለብስም። ከለበሰ ሟርት ነው፤ ሰው ትፈልጋለች ማለት ነው።» ባልዲውን ገፍተው ወጡ። የወለሉ ግማሽ እንደረጠበ፣ ግማሹ እንደ ደረቀ ቀረ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠሩ አይቼ አላውቅም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ለዳፍና ደውል ትሉኝ ይሆናል። ደውዬ ምን ልበል? እሷ ፎቶግራፍ አላት፣ ማስረጃ ነው። እኔ ያለችኝ እናቴ ናት። ደግሞስ ደውዬ፣ ለምን ረቡዕን አትጠብቅም ብትለኝ፣ አሻንጉሊቷ ቀድማን መርዶ ልትናገር ነው እላታለሁ? ሐሙስ ከሚጠይቁኝ ሰዎች አንዷ እኮ እሷ ናት። በሌላ በኩል እትዬ ፈንታነሽን አሰብኳቸው። ያ ሁሉ ዘመድ የወንድማቸውን ሞት በጠንካራ እጆች መካከል እንዲሰሙት ሲደክም፣ እሳቸው መወልወያ ይዘው፣ ብቻቸውን፣ ፊት ከሌላት ሴት ሊረዱት ነው። አንድ ሌሊት ተገላበጥኩ። ሰኞ ማለዳ ቤቱ ሳይከፈት ገባሁና መርፌ ቁልፉን ፈትቼ ነጠላዋን ገለበጥኩት። ጥለቱ ወደ ታች፣ እንደ ሰው።

ስነካት ትከሻዋ ሞቅ ይል ነበር። መብራቱ አሙቆት ነው አልኩ። ወጥቼ በሩን ስዘጋ ትዝ አለኝ፤ መብራቱን ገና አላበራሁትም።

እትዬ ፈንታነሽ ሰኞ ገብተው አዩአት። ከዚያ እኔን አዩኝ። በዕብራይስጥ «ቤሰደር» አሉና ወለሉን ጨረሱ። ያቺ ቃል ሁሉ ሰላም ነው ማለት ነበረባት። እሳቸው አፍ ላይ ግን እንደ ቂም ሆና ወጣች፤ ያኔ አልገባኝም።

ማክሰኞ ማለዳ ጥለቱ ወደ ላይ ነበር።

ቁጭ አልኩ። ጥበቃ መቀመጥ አይፈቀድለትም፣ ግን ቁጭ አልኩ። መርፌ ቁልፉ በሥርዓት ገብቷል፣ እጥፋቱም ልክ ነው። ዳፍና ኢየሩሳሌም ናት። ከወደቡ መርከብ ጮኸ፣ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ የነጠላዋም ጫፍ እንዲሁ፤ እንባውን የዋጠ ሰው ትከሻ እንደሚያደርገው።

ተነሥቼ ሳልገለብጠው ተማሪዎቹ ገቡ። ዳፍናን የተካው ልጅ የሥራ ዓይነቶቹን ከወረቀት ያነባል፣ ሁለቱን ዘለለ። ከኔቬ ዮሴፍ የመጣች አንዲት የእኛ ልጅ፣ ሊአት የሚሏት፣ ካርዱን አየች፣ አሻንጉሊቷን አየች፣ እንደገና ካርዱን አየችና እጇን አወጣች። እትዬ ፈንታነሽ በሩ ላይ እየወለወሉ ነው። «አያቴ እንዲህ የምትለብሰው...» ብላ ስትጀምር በአማርኛ «ዝም በይ» አልኳት፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ። ልጅቷ እኔን አየች። በሩ ላይ ያሉትን ሴት አየች። አንድ ጊዜ ዋጥ አደረገች።

«ሽንት ቤቱ በየት ነው?» አለች በዕብራይስጥ።

ክፍሉ ሣቀ። እኔ ግን አቅፌ ልስማት ደርሼ ነበር። እዚህች አገር ተወልዳ፣ አማርኛዋ ግማሹ ወልቆ፣ መርዶ መጠበቅን ግን ታውቃለች። ለሙዚየም ሥራ ፈተና ካለው እሷ ያኔ አልፋለች።

እንደወጡ ገለበጥኩት። ማታ ስንዘጋ ደግሞ አንድ ነገር አደረግሁ። የትንሿ አዳራሽ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ ከጓሮው በር አጠገብ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። አነሣሁና ኪሴ ከትቼው ወደ ሃሊሳ ወረድኩ።

ረቡዕ ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። ዝናብ ነበር፤ ሰማዩ ወደቡ ላይ ተኝቷል። በኪሴ ባለው ቁልፍ አዳራሹን ከፈትኩ።

ጥለቱ ወደ ላይ ነበር።

አልጮኽኩም። መጮኽ ራሱ አቅም ይጠይቃል። በጥድፊያ ለሦስተኛ ጊዜ ገለበጥኩት፤ መርፌ ቁልፉ ታጠፈብኝ፣ አንድ ክር ሳበ። ያኔ ከውስጥ ቀርቅሬው የነበረው የጓሮ በር ተንኳኳ። እትዬ ፈንታነሽ ናቸው፣ አውቶቡስ አምልጧቸው ዝናብ መቷቸዋል። ከፈትኩላቸው። ወደ አዳራሹ ገብተው አሻንጉሊቷን ዝም ብለው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ የምታውቀው ነገር አለ?»

«የለም እትዬ።»

«ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

ዓይን አለህ ተብዬ የለ። በዚያው ዓይን አየኋቸውና «የለም» አልኩ። «እሺ» አሉና ባልዲያቸውን ሊሞሉ ሄዱ።

ቀትር ላይ ዳፍና መጣች። ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ አሻንጉሊቷ ፊት ቆመች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የታጠፈውን መርፌ ቁልፍ በሁለት ጣቷ አወጣች፣ የተሳበውን ክር አየች። «ይህን ማን ነካው?» አለች። «ጠዋት ጠዋት ቀድሞ የሚገባ ማን ነው?»

«ጽዳቷ ናት» አለ የጥበቃው ኃላፊ።

«እንግዲህ ነገ እናነጋግራታለን።»

ነገ ሐሙስ ነው። መርዶው በማለዳ፣ የእኔ ጥያቄ በረፋድ፣ የእሳቸው ከሥራ መሰናበት ደግሞ ከዚያ በኋላ። እኔም ቆሜ ነበር፣ አፌን ዘግቼ፣ እንደ በሩ እጀታ።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ በዝናብ ደረጃውን ወረድን፤ እናቴ፣ እኔ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ከቤርሼባ የመጣችው እኅት፣ ወታደሩ ልጅ ከነቦርሳው። ሲያንኳኩ በሩ ወዲያው ተከፈተ። ማንም ቃል አልተናገረም፤ ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት በር ላይ ማየት ራሱ ቃል ነው። እትዬ ፈንታነሽ የወንድማቸውን ስም ጠርተው ወደቁ፣ እጆች ሁሉ ደረሱላቸው። አንድ ነገር ብቻ ዓይኔ ገባ። ነጠላቸው ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ ጥለቱ ወደ ላይ።

ከዚያ አዲሱን ሸሚዜን ለብሼ ኮሚቴው ፊት ተቀመጥኩ። ሦስት ሆነው ነው፤ ዳፍና፣ የሙዚየሙ ኃላፊ፣ የማላውቀው አንድ ሰው። ኃላፊው ወረቀቱን አየና የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበ። «አንድ ዕቃ በስሕተት ተቀምጦ ብታይ ምን ታደርጋለህ?»

ሣቄ መጣ። «እገለብጠዋለሁ» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። መርዶውን፣ ጥለቱን፣ ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን። «እትዬ ፈንታነሽን አትጠይቋቸው፤ ዛሬ ወንድማቸውን አጥተዋል። ሦስቴም የነካሁት እኔ ነኝ።» ዳፍና ከፋይሏ ያን አሮጌ ፎቶግራፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ግን እንዲህ ነው የለበሰችው» አለች። እውነቷን ነው። ሴትዮዋ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ፊቷን አይተሻል?» አልኳት።

ጎንበስ አለች። ግንባሯና ጉንጯ ላይ ያለው መስመር የፎቶው ጭረት አልነበረም። ሴትዮዋ ፊቷን ነጭታለች፤ ስታለቅስ የከረመች ናት። ዳፍና ያን ፎቶግራፍ ለወራት አይታዋለች፣ እጥፋቱን ቆጥራለች፣ ፊቱን ግን አላየችውም።

«ጓንት አድርገህ ነበር?» አለ ኃላፊው።

«አልነበረኝም።»

ጻፈው።

ቦታው ካርሜል ላይ የሚኖር የሥነ ጥበብ ተማሪ ወሰደው። ጥሩ ልጅ ነው፣ ጓንቱን በሥርዓት ያጠልቃል። እኔን የቀጠረኝ የጥበቃ ድርጅት ወደ ወደቡ በር አዛወረኝ። በመጨረሻው ቀን ዳፍና እስከ ጓሮው በር ድረስ ሸኘችኝና ኪሴ ውስጥ አንድ ጥንድ ነጭ ጓንት ጨመረች። «ለሚቀጥለው» አለች። ካርዱንም ለውጣዋለች፤ አሁን «የሐዘን አለባበስ» ይላል፣ ከሥሩ በደቃቁ «ከማኅበረሰቡ በተገኘ መረጃ»። ማኅበረሰቡ እኔ ነኝ፣ ተዋወቁኝ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ፣ ስለ አንዲት ሴት ሐዘን ሥራውን ያጣ ጀግና ሆኜ እቀር ነበር። በሰባተኛው ቀን እትዬ ፈንታነሽን ልጠይቅ ባልሄድ ኖሮ።

ለቅሶተኛው ሲሳሳ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ለእኔ ብለህ ነው አሉ» አሉኝ። «ሞኝ። እኔ እኮ እሑድ ነው ያወቅሁት።»

«ማን ነገርዎት?»

«ማን ይነግረኛል? አውቶቡስ ላይ ሦስት ሰው ወንበር ለቀቀልኝ። ሃሊሳ ውስጥ ለእኔ ወንበር የሚለቀቀው መቼ ነው? የእናንተስ ጥርስ? ጤነኛ ሰው ያን ያህል ይሥቃል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እኅቴ ከቤርሼባ እስክትደርስ ነዋ። ያ ሁሉ ሰው ለእኔ ሲደክም እኔ ላፍርሰው? ማልቀስ አልችል፣ ነጠላዬን መዘቅዘቅ አልችል። እሷ ግን ትችላለች። እስኪፈቀድልኝ ታልቅስልኝ ብዬ ተውኳት። አንተ ሰኞ ብትገለብጣት አንጀቴ አረረ። ማክሰኞ ጠዋት እጄን ታጥቤ መለስኩላት።»

ምን ልበላችሁ። ሁለታችን በየተራ ሥራችንን ለአደጋ ጥለን፣ አንዲት ፕላስቲክ ላይ አንድ ነጠላ ስንገለባብጥ ከርመናል፤ እኔ ሐዘኑን ልደብቅላቸው፣ እሳቸው ሐዘኑን ሊደብቁኝ። መሣቅ አማረኝ፣ ለቅሶ ቤት ነውና ዋጥኩት።

«ረቡዕስ ለምን ደገሙት?» አልኳቸው።

«ረቡዕ ምን አደረግሁ?»

«ረቡዕ ጠዋትም ተዘቅዝቃ ነበር።»

እትዬ ፈንታነሽ ነጠላቸውን አንገታቸው ሥር ሰብሰብ አደረጉ። «ረቡዕ አውቶቡስ አምልጦኝ፣ በሩን የከፈትክልኝ አንተ አይደለህም?» አሉ። «እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነካኋት።»

እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባ። ቁልፉ ያን ሌሊት ያደረበት ኪስ ነው።

አየት አየት አደረጉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዲህ ያቺም ሴት የራሷ ሙት ነበራት» አሉ። «ሦስት ቀን ሙሉ አላስለቅስ ብለሃታል።» ከዚያ አዲስ ለቅሶተኛ ገባና ወደ እሱ ዞሩ።

እናንተ ተማሪዎች፣ ሙዚየም መሥራት የምታስቡ ካላችሁ፣ ያሻችሁን ተማሩ፤ መጠገኑም፣ መመዝገቡም፣ ማሸጉም ጥሩ እንጀራ ነው። በየትኛው በር ብትገቡም ግድ የለኝም። ብቻ ማታ በሩን ቆልፋችሁ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ከታችሁ ስትወርዱ፣ ውስጥ የተዋችሁት ሁሉ እስከ ጠዋት ባለበት ይጠብቀናል ብላችሁ አትማሉ።